ተጫዋቹ ለማልያው እንዲቃጠል ክለቡ ምን ያድርግ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቡድኖች የተዘጋጀ መመሪያ

ሰኔ ሲያልቅ የከተማ ክለቦቻችን ግማሹን ቡድን ይሸኛሉ፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ሌላ ግማሽ ያስፈርማሉ። ደጋፊው የአዲሶቹን ስም ለይቶ ሳይጨርስ ውድድሩ ይጀመራል። ቡድኑ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ «እነዚህ ለገንዘብ እንጂ ለማልያው አይጫወቱም» የሚለው ወሬ ከሆጤ ሜዳ ተነስቶ ፒያሳ ይደርሳል። ወሬው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ሙያው ኳስ የሆነ ሰው የማልያ ፍቅርን ከእናቱ ቤት ቋጥሮ አይመጣም። ፍቅሩ የሚበቅለው ክለቡ ውስጥ ነው፤ በደመወዝ መዝገቡ፣ በውሉ አንቀጾች፣ በካምፑ ወጥ ቤትና በወጌሻው ክፍል። ይህ መመሪያ ለቦርድ አባላት፣ ለቡድን መሪዎች፣ ለአሰልጣኞችና ለደጋፊ ማህበራት ነው። ከተጫዋቹ ታማኝነትን ከመጠየቃችሁ በፊት በእናንተ በኩል መሟላት ያለበትን ይዘረዝራል።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ታማኝነትን ከማንኛውም ነገር በላይ የሚገድለው የደመወዝ መዘግየት ነው፤ መዘግየቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ሚያዝያ ላይ ሳይሆን ነሐሴ ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ክለባችሁ ለተጫዋቾች ደመወዝ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ብር ተመደበለት እንበል። 25 ተጫዋች በአማካይ 15,000 ብር ሲከፈለው የወሩ ወጪ 375,000 ብር ነው፤ በ12 ወር ሲባዛ ልክ 4.5 ሚሊዮን ይሆናል። የዝውውር ፉክክሩ ሲጦፍ ግን ቦርዱ እጁ ይፈታና አማካዩን 20,000 ያደርገዋል። አሁን የወሩ ወጪ 500,000 ብር ሆኗል፤ ያው 4.5 ሚሊዮን የሚያደርሰው 9 ወር ብቻ ነው። ከሐምሌ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ገንዘቡ መጋቢት ላይ ያልቃል። ማደግና መውረድ የሚለይባቸው የመጨረሻ ሳምንታት ደመወዝ የሌለባቸው ወራት ላይ ይወድቃሉ። በዚያን ጊዜ ተጫዋቹ ጉልበቱን ሲሰስት ደጋፊው «ተሸጠ» ይላል፤ ልጁ ግን ለሚስቱ የቤት ኪራይ መላክ አልቻለም፣ ጉዳት ቢደርስበት ማን እንደሚያሳክመውም እርግጠኛ አይደለም።

መፍትሔው የሰው ቁጥር መቀነስ ነው። በዚያው በጀት 21 ተጫዋች በ15,000 ብር ብታስፈርሙ የዓመቱ ወጪ 3.78 ሚሊዮን ይሆናል፤ 720,000 ብር ይተርፋችኋል፣ ይህም ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ነው። የቀሩትን አራት ቦታዎች ከተስፋ ቡድን በሚያድጉ ልጆች ሙሉ፤ አበላቸውን ከትርፉ ክፈሉ። የበጀት መልቀቂያው ደብዳቤ በመዘግየቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ካዝናው ባዶ ቢሆን የሚያሻግራችሁ ከአበላቸው የሚቀረው መጠባበቂያ ነው። ለሌላ ነገር እንዳይነካ ብቻውን በሌላ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ለአውቶቡስ ነዳጅ «ለጊዜው» ተብሎ የተነካ መጠባበቂያ አይመለስም።

ይህም ሆኖ ገንዘብ ሊያጥር ይችላል። ሲያጥር አከፋፈሉ ከመጠኑ ይበልጣል። ያለውን ገንዘብ ለሁሉም እኩል በመቶኛ፣ በአንድ ቀን ክፈሉ። ለጮኸው አጥቂ ሙሉውን ከፍሎ ዝም ያለውን ተከላካይ ባዶ እጁን መስደድ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ዝም ያለው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አይገኝም። ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን የቡድን መሪው ሳይሆን ገንዘቡን የሚያዝዘው ሰው ራሱ ካምፕ መጥቶ ይናገር። ቀኑን ካላወቀው «አላውቀውም» ይበል። «የፊታችን ሰኞ» ተብሎ ሦስት ሰኞ ካለፈ በኋላ አንድም ቃል የሚያምን ተጫዋች አታገኙም።

የማበረታቻ ክፍያንም በዚሁ ዓይን እዩት። ለአሸናፊነት የሚሰጠው መጠን ውድድሩ ሳይጀመር ተጽፎ ይለጠፍ፤ ከጨዋታው በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ይከፈል። በእረፍት ሰዓት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቶ «ካሸነፋችሁ ይህን ያህል እሰጣለሁ» የሚል የቦርድ አባልን በር ላይ መልሱት። ቃሉ ካልተፈጸመ ቡድኑ ይቀየማል፤ ከተፈጸመ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቃል ያልተገባለት ጨዋታ የረከሰ መስሎ ይታያል።

ሕጉንም እወቁ። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ መሠረት ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ይሰጣል፤ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። ብሔራዊ ፌዴሬሽኖችም ይህንን መርህ እንዲከተሉ ይጠበቃል። ስለዚህ ሁለት ወር ሳይከፈለው የሄደ ልጅን «ከዳን» ማለት አይቻልም።

ውሉ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የአንድ ዓመት ውል ርካሽ ይመስላል። ፊፋ ተጫዋቹ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር እንዲፈራረም ይፈቅዳል። ውሉ ሰኔ 30 የሚያበቃ ከሆነ ከጥር ጀምሮ ልጁ በሕግ ነፃ ነው ማለት ነው፤ የዓመቱን ሁለተኛ ግማሽ ስልኩን እያየ ይጫወታል። ሁሉንም ተጫዋች በአንድ ዓመት ውል የያዘ ክለብ በየዓመቱ ጥር ላይ ሙሉ ቡድኑን ለገበያ ያወጣል።

ውሎቹን አከፋፍሉ። ከ21 ተጫዋቾች ሰባቱ የአንድ ዓመት፣ ሰባቱ የሁለት፣ ሰባቱ የሦስት ዓመት ውል ይኑራቸው። በየዓመቱ የሚያልቅባችሁ የሢሶው ብቻ ይሆናል፤ አምበሉ፣ ግብ ጠባቂውና መሐል ተከላካዩ በአንድ ዓመት አብረው እንዳይወጡ ተጠንቀቁ። የደንቡ ጣሪያ አምስት ዓመት ነው፤ ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ግን ከሦስት ዓመት በላይ ማስፈረም አይቻልም። የማራዘሚያ ንግግር የሚጀመረው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ግንቦት ላይ የተጀመረ ንግግር ሌሎች ክለቦች ዋጋ ካወጡለት በኋላ የሚደረግ ድርድር ነው።

የፊርማ ክፍያውን በአንድ ጊዜ አትጨርሱት። ለሁለት ዓመት ውል 40 በመቶውን ሲፈርም፣ 30 በመቶውን የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ፣ ቀሪውን 30 በመቶ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ክፈሉ። መቆየቱ እንደሚያስከብረው ልጁ በገንዘብ ያየዋል። ሁለተኛውን ክፍያ የማትከፍሉ ከሆነ ግን ይህን ዘዴ ጭራሽ አትጀምሩት፤ የተካደ ቃል ከትንሽ ደመወዝ ይልቅ ያስከፋል።

ሦስት ነገሮች ደግሞ አዘውትረው ጠብ ያመጣሉ። አንደኛው ደመወዙ ግብር ተቀንሶ የሚደርሰው ነው ወይስ ሳይቀነስ የሚለው ነው፤ ሁለቱንም ቁጥር ውሉ ላይ ጻፉ። ሁለተኛው የሕክምና ምርመራ ነው፤ በፊፋ ደንብ የውል መጽናት በምርመራ ውጤት ላይ ሊንጠለጠል አይችልም፣ ስለዚህ ጉልበቱን የምታስመረምሩት ከፊርማ በፊት ነው። ሦስተኛው የውሉ ቅጂ ነው። ተጫዋቹ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በዚያው ቀን በእጁ ይዞ ይውጣ። «ፌዴሬሽን ተመዝግቦ ሲመለስ እንሰጥሃለን» የሚለው አሠራር ከመጀመሪያው ቀን ጥርጣሬ ይዘራል።

የሐረጎን ዳገት ያልለመደ ልጅ ሰነፍ አይደለም

ደሴ ላይ በተጫዋቾች ላይ የሚፈጸም ትልቁ በደል ይህ ይመስለናል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ራሱን ያመዋል፤ አንድ ፍጥነት ሮጦ ሁለተኛውን ለመድገም ከወትሮው እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ደጋፊው ይህንኑ ልጅ በ60ኛው ደቂቃ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየውና «ለማልያው ግድ የለውም» ብሎ ይፈርድበታል። ስሙ አንዴ ከወጣ ደግሞ አይመለስም። ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ክርክርም ያስነሳ ነው፤ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር፤ ጣሪያውን ወደ 3,000 ከፍ ካደረገ በኋላ በ2008 ክልከላውን አነሳው።

አዲስ መጪውን በዚህ መልክ አላምዱት። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የእግር ጉዞና ቀላል የኳስ ሥራ ብቻ፤ ፍጥነት ሩጫ የለም። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ከሌሎቹ ልምምድ 60 በመቶ ያህሉን። በሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ልምምድ ይገባል፤ በፍጥነት ሩጫዎች መካከል ያለው እረፍት ግን እጥፍ ይሁን። በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ በወዳጅነት ጨዋታ 30 ደቂቃ ይጫወት። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ የልብ ምቱን ለአንድ ደቂቃ ቆጥሮ ይጻፍ፤ ከተለመደው በ10 ከበለጠ የዚያን ቀን ሥራ ቀንሱለት። ሲመጣ የደም ማነስና የብረት ክምችት ምርመራ ይደረግለት፤ ብረት የጎደለው ሰውነት ከፍታን አይለምድም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳሉ። ቡናውን አትከልክሉት፣ በወሎ ምድር ያስቀይማል፤ ከምሳው አንድ ሰዓት ያህል አርቁለት።

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ሙቀት አላት፣ አየሩም ይሻላል። የደሴ ቡድን የፍጥነት ልምምዱን በሳምንት አንድ ቀን ኮምቦልቻ ወርዶ ቢሠራ እግር የሚፈልገውን ፍጥነት ያገኛል፤ የሚያድረው ደሴ ስለሆነም የከፍታው ጥቅም አይጠፋበትም። ለጨዋታ ወደ ደሴ የሚወጣ ቡድን ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መምጣት ካልቻለ በዕለቱ፣ ከጨዋታው ጥቂት ሰዓት በፊት ቢደርስ ይመረጣል።

ሁለት ድስት

ካምፕ ውስጥ ተጫዋቹ ክለቡ ለእሱ ያለውን ክብር በቀን ሦስት ጊዜ ይቀምሰዋል። የእኛ ቡድኖች ክርስቲያንና ሙስሊም ተጫዋቾች በአንድ ጠረጴዛ የሚበሉባቸው ናቸው፤ ሥጋው ግን አንድ ሊሆን አይችልም። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ ያስፈልጋል፤ እጀታቸው በቀለም ይለይ፣ ጭልፋው ከአንዱ ወደ ሌላው አይግባ። ይህ ሳይሟላ ሲቀር ልጁ አይናገርም፤ ሽሮ ብቻ እየበላ ይከርማል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ «ደከመ» ይባላል። ለአብሳይዋ ጉዳዩን በግልጽ ንገሯት፣ ዕቃውን ግዙላት፤ አብዛኞቹ የወሎ ሴቶች በየሠርጉና በየዝክሩ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ስለሆነ ሥርዓቱን ከማንም በላይ ያውቁታል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚጾመው ተጫዋች ፕሮቲን ያጥረዋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች በቀን 110 ግራም ያህል ፕሮቲን ይፈልጋል። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም፣ 100 ግራም ኦቾሎኒም የዚያኑ ያህል፣ 100 ግራም ሽምብራ 20 ግራም ያህል ይሰጣል። ጠዋት የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ፣ ቀን ምስር ወጥ፣ ከልምምድ በኋላ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር፣ ማታ ወፈር ያለ ሽሮ፤ አዘውትሮ የሚጎድለው የከልምምድ በኋላው ነው፣ አብሳይዋ በዚያ ሰዓት ስለማትኖር። ልጁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ልምምዱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

በረመዳን ልምምዱን ወደ አመሻሽ ግፉት፤ ከአፍጥር በፊት 45 ደቂቃ ቀለል ያለ የቴክኒክና የአሰላለፍ ቅርጽ ሥራ ሠርታችሁ ጀምበር ስትጠልቅ ውሃና ቴምር ሜዳው ዳር ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው። ከባዱን የጉልበት ሥራ ከአፍጥር ሁለት ሰዓት በኋላ ማድረግ ይቻላል፣ መብራት ካላችሁ። ሱሑር የካምፑ ኃላፊነት ነው። ሌሊት ተነስቶ ብስኩት የሚበላ ተጫዋች ክለቡ እንደረሳው ይገባዋል። ያልጾሙት ጓደኞቹ አፍጥሩ ላይ አብረው እንዲቀመጡ ጋብዟቸው፤ ከዚህ የተሻለ የቡድን ግንባታ ሥራ አናውቅም።

ከሌላ አካባቢ የመጣ ልጅ የሚተዋወቅበት ቤትም ያስፈልገዋል። ደጋፊ ማህበሩ ለእያንዳንዱ አዲስ ተጫዋች በሰኞ ገበያ፣ በቧንቧ ውሃ ወይም በአራዳ አንድ ቤተሰብ ይመድብ፤ እሑድ ቡና ይጥሩት፣ በበዓል ቀን ብቻውን ካምፕ አይዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ የወጣ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከደጋፊው መካከል የሚያውቀው ፊት አለው። የሚጋብዙት ሰዎች ግን ስለ አሰልጣኙና ስለ አሰላለፍ እንዳይጠይቁት አስጠንቅቋቸው።

ጉዳት

ክለቡ ማን እንደሆነ የሚለየው ተጫዋች ሲጎዳ ነው። ሌሎቹ ሃያዎቹ ዝም ብለው ያያሉ፤ ነገ በእነሱ ላይ ሲደርስ የሚሆነውን ይማራሉ። ቁርጭምጭሚቱ የታጠፈ ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት መታሸት የለበትም፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በፋሻ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ እግሩን ከፍ ማድረግ። ወዲያው ያሸው ወጌሻ እብጠቱን ያብሰዋል። የጉልበት የፊት ጅማት ከተበጠሰና ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈልጋል፤ «በአራት ወር ይድናል» ብላችሁ አታስቸኩሉት፣ ይደገምበታል።

የተጎዳውን ከካምፕ አታስወጡት። ደመወዙ በውሉ መሠረት ይቀጥላል። ለምርመራ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንድ የክለብ ሰው አብሮት ይሂድ፤ ገንዘብ ሰጥቶ ብቻውን በአውቶቡስ መላክ አይበቃም። በሜዳው በሚደረግ ጨዋታ ከተጠባባቂዎች ወንበር ኋላ ቦታ ይኑረው። ከጉዳት ተመልሶ የሚጫወት ልጅ የሚሰጠው ጉልበት በገንዘብ የሚገዛ አይደለም፤ በሕመሙ ወራት የተጠየቀው «እንዴት ነህ?» ነው ዋጋው።

ተቆርቋሪነትን በዓይን መለየት

ደጋፊ በቀላሉ የሚያየው ዓርማ መሳም፣ ከዳኛ ጋር መጨቃጨቅ፣ ዘሎ መግባትና ቢጫ ካርድ ነው። እነዚህ ስሜት ናቸው፤ አንዳንዱ እውነተኛ ነው፣ አንዳንዱ ለመድረክ ነው። የተሻለ ምልክት የሚገኘው ኳስ በተነጠቀበት ቅጽበት ነው። ሦስት የደጋፊ ማህበር አባላት ደብተር ይዘው እያንዳንዳቸው ሁለት ተጫዋች ብቻ ይከታተሉ፤ ኳሱን ትተው ሰውየውን ይዩ። የሚጻፉት አራት ነገሮች ናቸው። ኳስ ሲነጠቅ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ወደ ኳሱ ወይም ወደ ቦታው ተመለሰ? ቡድኑ እየተመራ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ኳስ እንዲቀበል ራሱን ነፃ ያደርጋል፣ ወይስ ከተከላካይ ጀርባ ይደበቃል? ከተሳሳተ በኋላ የሚቀጥለውን ኳስ ይጠይቃል? ጓደኛው ሲሳሳት እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ወይስ ሮጦ ይሸፍንለታል?

አራት ጨዋታ ሳትመዘግቡ ፍርድ አትስጡ፤ ከፍርዱ በፊትም አሰልጣኙን ጠይቁ። ወደ ኋላ የማይመለስ አጥቂ «መሐል መስመር ላይ ቁም» ተብሎ ታዝዞ ሊሆን ይችላል። በመስመር በኩል የሚጫወት ልጅ ከኋላው ያለው ተከላካይ ስለሚዘገይ ሁለት ሰው ሸፍኖ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ልምምድ ላይ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ፤ የማይሰለፈው ተጫዋች እንዴት እንደሚያሟሙቅ ተመልከቱ።

የሰፈር ልጅ

ስማቸው ከአንድ ክለብ ጋር የተሰፋ ተጫዋቾችን ታሪክ ስታዩ ብዙዎቹ የከተማው ልጆች ናቸው። ሚላኖ የተወለደው ፓውሎ ማልዲኒ ለኤሲ ሚላን 902 ጨዋታ አድርጓል፤ አባቱም የክለቡ አምበል ነበር። የሮማው ልጅ ፍራንቼስኮ ቶቲ እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) ለሮማ ብቻ 786 ጊዜ ተሰልፎ 307 ግብ አስቆጥሯል። በእኛ አገር መንግሥቱ ወርቁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ነው የሚታወሰው፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድም ከግብ አስቆጣሪዎቹ አንዱ ነበር። በስፔን አትሌቲክ ቢልባዎ በባስክ ምድር የተወለዱ ወይም ያደጉ ተጫዋቾችን ብቻ ይዞ ከላሊጋ ወርዶ አያውቅም፤ ይህን ክብር የሚጋሩት ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ብቻ ናቸው።

ይህ ማለት ከውጭ የመጣ አይታመንም ማለት አይደለም። አሌሳንድሮ ዴል ፒዬሮ የተወለደው ከዩቬንቱስ ከተማ ከቱሪን ርቆ ነው፤ ያም ሆኖ ዩቬንቱስ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ወደ ጣሊያን ሁለተኛ ሊግ (ሴሪ ቢ) ሲወርድ የዓለም ዋንጫ ባነሳበት ዓመት አብሮ ወረደ፣ የሴሪ ቢው ኮከብ ግብ አግቢም ሆነ። በሌላ በኩል ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ባርሴሎና ያደገው ሊዮኔል ሜሲ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የለቀቀው መቆየት እየፈለገ ነው፤ ክለቡ በሊጉ የገንዘብ ደንብ ምክንያት ሊያስመዘግበው አልቻለም። ሒሳቡን ያበላሸ ክለብ የገዛ ልጁንም ያጣል።

ስለዚህ ከሐይቅ፣ ከሐርቡ፣ ከኩታበርና ከሁለቱ ከተሞች ሰፈሮች የሚመጡ ልጆችን በተስፋ ቡድን ያዙ። በየዓመቱ ሁለቱን ወደ ዋናው ቡድን አሳድጉ፤ ያሳደጋችሁትን ግን አሰልፉት፣ ወንበር ላይ የሚያረጅ የሰፈር ልጅ ከማንም ቀድሞ ይሄዳል። ሁሉም በፌዴሬሽን ይመዝገቡ፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የተመዘገበበትና የለቀቀበት ቀን በፋይል ይቀመጥ። ይህ ወረቀት ገንዘብም ነው። ልጁ አድጎ ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ቢዛወር ከዝውውሩ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ለ12 እስከ 15 ዓመት ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ለ16 እስከ 23 ደግሞ 0.5 በመቶ። ከ15 እስከ 19 ዓመቱ እናንተ ጋ የነበረ ልጅ ዋጋው 200,000 ዶላር ቢሆን ድርሻችሁ 2.25 በመቶ፣ ማለትም 4,500 ዶላር ነው። ምዝገባው ከሌለ ምንም የለም።

ደጋፊው የሚሠራው

ስድብ ተጫዋችን አያተጋም፤ ኳስ ከመጠየቅ ያስፈራዋል። የተሳሳተውን ልጅ በስሙ ጠርታችሁ ከጨፈራችሁለት የሚቀጥለውን ኳስ ይወስዳል። አስጨፋሪዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም የያዘ አጭር ዜማ ከውድድሩ በፊት አዘጋጁ፤ የተከላካዮችንም ጨምሩ፣ ለእነሱ የሚዘፍን የለም። ከሽንፈት በኋላ ካምፕ በር ላይ መሰብሰብ ይቅር፤ ቅሬታ ካለ ማህበሩ ሁለት ሰው መርጦ ከሁለት ቀን በኋላ ከቡድን መሪው ጋር ይነጋገር። የደሴና የኮምቦልቻን ፉክክር እንወደዋለን፤ ሆኖም ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረን ልጅ ከሃዲ ማለት አይገባም። ቤተሰቡ ያሉት 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ በሁለቱም ከተማ ዘመድ አለው።

አሸኛኘት

ውሉ አልቆ ወይም የተሻለ አግኝቶ የሚሄደውን ተጫዋች እስከ ሰኔ 30 እንዲህ ሸኙት። ቀሪ ደመወዙና ማበረታቻው ተሰልቶ በጽሑፍ ይሰጠው፤ መክፈል ካልተቻለ የሚከፈልበት ቀን ተጽፎና ተፈርሞ በእጁ ይሁን። መልቀቂያውን በጠየቀበት ቀን ስጡት፤ መልቀቂያ ይዞ ማስለመን በሌላ ክለብ ያለውን ዕድል ያሰናክላል፣ ስማችሁንም ያጠፋል። የሕክምና መዝገቡን ቅጂ ይውሰድ። የለበሰውን ማልያ ታጥቦ፣ ጓደኞቹ ፈርመውበት፣ በመጨረሻው የሜዳ ጨዋታ በአምበሉ እጅ ይቀበል። በሚቀጥለው ዓመት ተጋጣሚ ሆኖ ሲመጣ ከጨዋታው በፊት ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራ። ነሐሴ ላይ ልታስፈርሙት የምትደውሉለት ተጫዋች መልስ ከመስጠቱ በፊት ለዚህ ልጅ ደውሎ «ይከፍላሉ ወይ? ሲጎዱ ያሳክማሉ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል።